የፎርት ፒርስ ሠዓሊዎችና የ25 ዶላር ሥዕል

ፍሬም ሠሪ ነኝና ሥዕል ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ጀርባውን ነው። «ሃይዌይመን» የሚባሉት የፍሎሪዳ ጥቁር ሠዓሊዎች ሥራ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሸራ አይደለም፤ አናጢ ለግድግዳና ለጣሪያ የሚያውለው አፕሰን ቦርድ የሚባል ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ ነው። ፍሬሙም ግድግዳና ጣሪያ ሲገናኙ ክፍተቱን ለመሸፈን ከሚመታ ጣውላ ተቆርጦ ነጭ የተቀባ፣ ላዩ ላይ ወርቃማ ቀለም ጣል የተደረገበት ነው። ደንበኛዬ «ይህን አውጣና ደህና ፍሬም አድርግበት» ሲለኝ እሟገተዋለሁ። ያን ጣውላ የቆረጡት ሠዓሊዎቹ ራሳቸው ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በፎርት ፒርስ ከተማ ነው። ኤ. ኢ. ባከስ የሚባል ነጭ የመልክዓ ምድር ሠዓሊ፣ ዘር መለየት ሕግ በነበረበት ዘመን፣ የሥዕል ቤቱን በር ለጥቁሮችም ከፍቶ ነበር። ሃይማኖታዊ ሥዕል ይሥል የነበረውን ሃሮልድ ኒውተንን ወደ መልክዓ ምድር የመለሰው እሱ ነው። አልፍሬድ ሄርን ደግሞ መምህርቱ ዛኖቢያ ጄፈርሰን ወስደው ከባከስ ጋር አስተዋወቁት።

ሄር ሥዕሉን ብቻ አይደለም የተማረው፤ ሒሳቡንም ሠራ። ባከስ ጊዜ ወስዶ አንዱን በውድ ይሸጣል፤ እሱ ግን ብዙ ሠርቶ በርካሽ ቢሸጥስ? ሰሌዳዎቹን ጎን ለጎን ይሰቅልና በሁሉም ላይ ሰማዩን፣ ቀጥሎ ውኃውን፣ ቀጥሎ ዘንባባውን እየተዘዋወረ ይቀባ ነበር። የድሬዳዋ ዛፍ የምንለው ባለ ቀይ አበባም ከሥዕሎቹ አይጠፋም፤ ባየሁት ቁጥር ፈገግ እላለሁ። ዋጋው 25 ዶላር አካባቢ ነበር። ጋለሪ ስለማያስገባቸው ሠዓሊዎቹ ቀለሙ ሳይደርቅ መኪና ላይ ጭነው ዩ ኤስ 1 በሚባለው አውራ ጎዳና እየነዱ ለሐኪም ቤት፣ ለባንክ፣ ለሞቴል ይሸጡ ነበር። ለብዙዎቹ ሌላው አማራጭ ብርቱካን ለቀማ ነበር። ሻጭ ሆኖ የገባው አል ብላክ መንገድ ላይ የተበላሸውን እርጥብ ሥዕል ሲጠጋግን ሲጠጋግን ራሱ ሠዓሊ ሆኖ ወጣ።

በነሐሴ 1970 ሄር ቡና ቤት ውስጥ በጥይት ተገደለ፤ ገና 29 ዓመቱ ነበር። ሌሎቹ መሣላቸውን ባይተዉም የገበያው ሞተር እሱ ነበርና ሥራው ቀዘቀዘ። የክሊኒኩና የሞቴሉ ሥዕል ዘመኑ አለፈበትና ወደ ጓዳ ገባ፤ ከዚያም ከአሮጌ ዕቃ ጋር በጥቂት ዶላር መሸጥ ጀመረ።

«ሃይዌይመን» የሚለውን ስም ራሳቸው አላወጡትም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ጂም ፊች የሚባል የሥዕል ሰብሳቢ ነው የሰየማቸው። ስም ሲገኝ ሰብሳቢው በዛ፤ የኢንተርኔት ገበያው ኢቤይ መጣ፣ የጨረታ ቤቶችም ተከተሉ፤ በ2004 የፍሎሪዳ መንግሥት 26ቱን በአርቲስቶች የክብር መዝገቡ አሰፈረ። ከመካከላቸው ሴት ሜሪ አን ካሮል ብቻ ነበረች። በ25 ዶላር የተሸጠው አሁን በጨረታ በሺዎች ዶላር ይሸጣል፤ ከላይ የሚቀመጡት ኒውተንና ሄር ናቸው።

ጨረታ ላይ ሥዕሉ በጥቂት ሰዓት ተሠራ የሚለው ተረት አብሮ ይሸጣል፤ ይህ ያናድደኛል። የሄር ደመና ፍጥነቱን አይደብቅም፣ ያምርበታልም። የኒውተን የማለዳ ብርሃን ግን የችኮላ ሥራ አይመስልም፤ ገዢው ሁለቱን በአንድ ተረት ሲጠቀልላቸው ኒውተን ይበደላል።

ከጨረታው ትርፍ ለሠዓሊው የሚደርሰው የለም። ፈረንሳይ ከ1920 ጀምሮ ሥዕል ዳግም ሲሸጥ ለሠዓሊውና ለወራሾቹ ድርሻ በሕግ ትሰጣለች፤ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ግን እንዲህ ያለ መብት አያውቅም። ስለዚህ ዋጋው ሲወጣ በሕይወት የነበሩት፣ በስተእርጅናም ቢሆን፣ እንደገና ብሩሽ አነሱ፤ አዲስ ሥዕል በአዲሱ ዋጋ መሸጥ ጀመሩ።