39 አሃዝ፣ ያለ ማካፈል

ብቸኛ ቁጥር፣ በክፍል ውስጥ ፕራይም ስንለው የኖርነው፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር በሌላ የማይካፈል ነው። ታዲያ ብቸኛ መሆኑን ለማወቅ የግድ እያካፈሉ መሞከር ያስፈልጋል? ሒሳብ ያልተማረ ቀርቶ የተማረውም ቶሎ ብሎ አዎ ይላል። በ1876 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኤድዋርድ ሉካስ የተባለ ፈረንሳዊ የሊሴ መምህር የለም፣ ሌላ መንገድ አለ አለ።

ነገሩ የሚጀምረው ከመነኩሴው ማሪን መርሴን ነው። ሁለትን በሁለት ደጋግመን አባዝተን ከውጤቱ አንድ ስንቀንስ 3፣ 7፣ 31 የመሳሰሉ ብቸኛ ቁጥሮች እናገኛለን። ሁልጊዜ ግን አይሠራም። መርሴን በ1644 እስከ 257 ሁለቶች ድረስ የሚሠሩት እነዚህ ናቸው ብሎ ዘረዘረ፤ 67 እና 127 ከዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ማረጋገጫ ግን አላያያዘም። እንግዲህ ማን ይፈትሸው? የ127 ሁለቶች ብዜት ሲቀነስ አንድ 39 አሃዝ አለው፦

170141183460469231731687303715884105727

በሴኮንድ አንድ ጎዶሎ ቁጥር እየሞከረ የሚያካፍል ሰው ቢኖር ሥራው ከ200 ቢሊዮን ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

የሉካስን ዘዴ ዴሪክ ሌመር በ1930 አቃንቶታል፤ ዛሬ የምናስተምረው ያንን ነው። ከ4 ተነሱ፣ ቁጥሩን በራሱ አባዙ፣ 2 ቀንሱ፣ ለሚፈተሸው ቁጥር አካፍላችሁ ቀሪውን ብቻ ያዙ። 31ን እንይ፦ 4፣ ከዚያ 14፣ ከዚያ 194። 194 ለ31 ሲካፈል ቀሪው 8 ነው። 8 በ8 64፣ ሲቀነስ 2፣ 62። 62 ደግሞ የ31 እጥፍ ነው፤ ቀሪ ዜሮ። 31 ከአምስት ሁለቶች ስለተገኘ እርምጃው ሦስት ብቻ ነው፣ በሦስተኛውም ዜሮ መጣ፤ ስለዚህ ብቸኛ ነው። ለባለ 39 አሃዙ 125 እርምጃ ይበቃል። ሉካስ ራሱ በ127 ላይ የተነሣው ከ3 ነበር፣ የእርምጃው ብዛት ግን ያው ነው።

እዚህ ላይ የሚያምር ነገር አለ። ቁጥሩ በ0 እና በ1 ብቻ ሲጻፍ 127 አንዶች ተደርድረው ነው የሚታዩት። ስለዚህ በስሌቱ መሐል ከ127ኛው ቦታ አልፎ የሚፈሰውን ወደ መጀመሪያው ቦታ መልሶ መደመር ነው እንጂ ማካፈል የሚባል ጣጣ የለም። ሉካስ ይህን 127 በ127 በሆነ የቼዝ ገበታ ላይ እንደሚጫወቱት ጨዋታ አድርጎ ገልጾታል። ጨዋታ ይወድ ነበር፤ በፕሮግራሚንግ ኮርስ ብዙዎቻችንን ያንከራተተን የሃኖይ ግንብም የእሱ ፈጠራ ነው።

በዚያው ዓመት 67ን ፈተሸና ቀሪው ዜሮ አልሆነም፤ መርሴን ተሳስቷል። ሉካስ ቁጥሩ እንደሚካፈል አወቀ፣ በምን እንደሚካፈል ግን አላወቀም! እንዲህ ያለ እውቀት ለብዙዎቻችን እስከዛሬ ይከብዳል። አካፋዮቹን ለማየት እስከ 1903 መጠበቅ ግድ ሆነ። አሜሪካዊው ፍራንክ ኮል በሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ 193,707,721ን በ761,838,257,287 አባዝቶ አሳየ። አንድም ቃል ሳይናገር በሰሌዳ ላይ ጽፎ ተቀመጠ ይባላል።

ባለ 39 አሃዙ እስከ 1951 ድረስ 75 ዓመት ከሚታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ሆኖ ቆየ። የበለጡት የስሌት መኪናና ኮምፒዩተር ናቸው፤ ያለ መሣሪያ፣ በእጅ ስሌት ከተገኙት ግን አሁንም የሚስተካከለው የለም።

በጥቅምት 2024 የተገኘው 136,279,841 ሁለቶች ተባዝተው አንድ የተቀነሰበት ነው። 41,024,320 አሃዝ አለው፤ በገጽ ሦስት ሺህ አሃዝ ብናትም ከ13,000 ገጽ በላይ ይወጣዋል (የዚህ መጽሔት አዘጋጆች አይፍሩ፣ አላመጣሁትም)። መጀመሪያ ደብሊን ያለ ኮምፒዩተር ብቸኛ ሳይሆን አይቀርም አለ። በማግስቱ ቴክሳስ ያለ ሌላ ኮምፒዩተር ከ4 ተነሥቶ፣ በራሱ እያባዛ፣ 2 እየቀነሰ፣ ዜሮ ላይ ደረሰ።