ኩርዓተ ርእሱ፦ ከመሐላ አደባባይ ወደ ሐራጅ አዳራሽ

የአንድ ሥዕል ዋጋ በሁለት ሚዛን ይለካል። አንደኛው ሕዝብ በሥዕሉ ላይ ያኖረው እምነትና ታሪክ ሲሆን፣ ሁለተኛው በሐራጅ አዳራሽ መዶሻው ሲያርፍ የሚጠራው ገንዘብ ነው። እነዚህ ሁለት ሚዛኖች ምን ያህል እንደሚራራቁ «ኩርዓተ ርእሱ» ከሚባለው ሥዕል ይበልጥ የሚመሰክር ቅርስ በአገራችን ማግኘት ያዳግታል።

ሥዕሉ በእንጨት ሰሌዳ ላይ የተሣለ፣ መጠኑም አነስተኛ የሆነ፣ የእሾህ አክሊል የደፋውን የክርስቶስን ራስ የሚያሳይ ነው። የተሣለው በ1500 እ.ኤ.አ. ገደማ በአውሮፓ ነው። ከሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፍት አንዳንዶቹ ለፍላንደርስ፣ ሌሎቹ ለፖርቱጋል ሠዓሊ ይሰጡታል። ወደ ኢትዮጵያ ከገባ በኋላ ግን ታሪኩ የኢትዮጵያ ሆነ። ከ17ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ በነገሥታቱ ዜና መዋዕል ስሙ ይነሣል፤ ሠራዊት ሲዘምት አብሮ ይዘምታል፤ መኳንንቱም የታማኝነት ቃል የሚገቡት በፊቱ ነበር። በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1744፣ በስናር ዘመቻ በፉንጅ ጦር እጅ ወድቆ፣ በወርቅ ተዋጅቶ ተመልሷል። የጎንደር ዘመን ሠዓልያንም መልኩን በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳና በየብራናው ላይ ደጋግመው ሣሉት። የባዕድ ቡሩሽ ያፈራው ሥራ በዚህ መንገድ የአገር ሥዕል ሆነ።

ሥዕሉ በመጨረሻ የተገኘው በመቅደላ አምባ ነው። መቅደላ ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐ ቤቴ ሕዝብ የሩቅ ስም አይደለም። አጼ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. በወሎና በመንዝ አልፈው ሸዋን ባስገበሩ ጊዜ፣ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ምኒልክ ተማርኮ ተወሰደ። ያደገውም በዚያው አምባ ነው። በ1857 ዓ.ም. አምልጦ፣ በወሎዋ በወይዘሮ ወርቂት ርዳታ፣ ወደ ሸዋ ተመለሰ። ስለሆነም በአምባው ላይ የተከማቸው ሀብት የአንድ ንጉሥ የግል ንብረት ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይችልም፤ ከየአቅጣጫው የተሰበሰበ የአገር መዝገብ ነበርና።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አጼ ቴዎድሮስ እጃቸውን ላለመስጠት ራሳቸውን ሠዉ፤ የእንግሊዝ ጦርም አምባውን በዘበዘ። ምርኮው በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ተጓጓዘ። በዚያም ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን ሐራጅ ተደረገ፤ የተገኘውም ገንዘብ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። የብሪቲሽ ሙዚየም መልእክተኛ የነበረው ሪቻርድ ሆልምስ ለሙዚየሙ በርካታ ብራናዎችን ገዛ። «ኩርዓተ ርእሱ»ን ግን ለሐራጁ ሳያቀርብ፣ ለሙዚየሙም ሳያስረክብ፣ ለራሱ አስቀረው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 1864 ዓ.ም.፣ አጼ ዮሐንስ አራተኛ ለንግሥት ቪክቶርያ ደብዳቤ ጽፈው የክብረ ነገሥት መጽሐፍና ይህ ሥዕል እንዲመለሱ ጠየቁ። መጽሐፉ ተመለሰ። ሥዕሉ ግን ሊገኝ እንዳልቻለ ተነገራቸው። በዚያ ጊዜ ሆልምስ በዊንዘር ቤተ መንግሥት የንግሥቲቱ የመጻሕፍት ቤት ኃላፊ ነበር! የተጠየቀው ቅርስ መልሱን በጻፈው መንግሥት ባለሟል እጅ ሆኖ ሳለ «የለም» ተባለ።

የተደበቀው ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1905 በለንደን በታተመ የሥነ ጥበብ መጽሔት ላይ ታየ። ሆልምስ ከሞተ በኋላ፣ በ1917፣ ክሪስቲስ በተባለው የሐራጅ ቤት ተሸጠ፤ በ1950 ደግሞ በዚያው ቤት ዳግመኛ ለሐራጅ ቀርቦ ፖርቱጋላዊው የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ሉዊስ ሬይስ ሳንቶስ ገዛው። እስከ ዛሬም ወደ ኢትዮጵያ አልተመለሰም። ሐራጅ ለገዥው ደረሰኝ ይሰጣል፤ ደረሰኝም በእጅ በእጅ ሲተላለፍ የመጀመሪያውን ዘረፋ ይሸፍናል። የዘረፋ ንብረት ሕጋዊ መስሎ የሚታየው በዚህ መንገድ ነው።

ይህ ሰንሰለት ሊበጠስ የሚችል መሆኑም ታይቷል። በ2013 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በዶርሴት ለሐራጅ ሊቀርቡ የነበሩ የመቅደላ ቅርሶች፣ በለንደን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ባቀረበው ጥያቄ ከሽያጭ ታግደዋል፤ በኋላም በአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ተገዝተው ለኢትዮጵያ ተመልሰዋል። ድሉ የተገኘው ዕቃዎቹ ከየት እንደተወሰዱ ስለታወቀ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለመንዝና ለመርሐ ቤቴ አድባራትም የሚሠራ ነው። የብራናው ገጽ ሳይቆጠር፣ የሥዕሉ ልክ ሳይመዘገብ፣ የመስቀሉ ፎቶግራፍ ሳይነሣ የጠፋ ቅርስ በባዕድ አደባባይ ላይ ሲገኝ ባለቤቱን ማስረዳት ይቸግራል። መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ የአጥቢያውን ቅርስ ቢመዘግብ፣ ሠዓሊው መልኩን ቢገለብጥ፣ የአስተዳደር ሠራተኛው መዝገቡን በአግባቡ ቢጠብቅ፣ በሐራጁ ቀን የሚቀርብ ምስክር ይኖራል። አጼ ዮሐንስ ደብዳቤ ነበራቸው፤ የጎደላቸው ሥዕሉ በማን እጅ እንዳለ የሚያሳይ ማስረጃ ነበር።