ቀሪው ማን ነው? የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ታሪካችንና የልጆቻችን በክፍል መገኘት

ውድ የማኅበራችን እህቶችና ደጋፊዎቻችን፣

በሂሳብ ሥራ «ቀሪ» የምንለው ገቢው ከወጪው ሲቀነስ የሚተርፈውን ነው። ቀሪው ሲበዛ ደስ ይለናል። በትምህርት ቤት ግን «ቀሪ» ማለት ስሙ ሲጠራ «አቤት» ያላለ ልጅ ነው። እዚያ ቀሪ ሲበዛ ኪሳራ ነው። ይህን ልዩነት እኛ የማኅበሩን ሂሳብ የምንይዝ ሴቶች የተረዳነው ዘግይተን ስለሆነ፣ እንዴት እንደተረዳነው በግልጽ መጻፍ ይገባናል።

ማኅበራችን በሰፈራችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሚማሩ የአባላት ልጆች ደብተር፣ እስክርቢቶ፣ ቦርሳና የደንብ ልብስ ይገዛል። በየዓመቱ ለደጋፊዎቻችን በምንልከው ሪፖርት ላይ «የተረዱ ተማሪዎች» የሚል ዓምድ አለ። በዚያ ዓምድ ስንሞላ የኖርነው በመስከረም የተመዘገቡትን ልጆች ቁጥር ነበር። ባለፈው ዓመት አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ ከገና በኋላ ትምህርቷን አቋርጣ ዘመድ ቤት ሕፃን ትይዝ ነበር። በእኛ ሪፖርት ግን እስከ ሰኔ ድረስ ተማሪ ሆና ቆየች። ደረሰኙ ትክክል ነበር፣ ድምሩም ትክክል ነበር። ልጅቷ ግን ክፍል ውስጥ አልነበረችም።

ነገሩን ስናውቅ አፈርን። ከዚያ በኋላ ግን መመዝገብና መገኘት የተለያዩት በእኛ መዝገብ ብቻ ነው ወይስ ድሮም እንዲህ ነበር ብለን የአገራችንን የትምህርት ታሪክ ወደ ኋላ ተመለከትን። ያገኘነውን ከዚህ በታች አቅርበናል።

የቆሎ ተማሪና የእናቶች ደጅ

ዘመናዊ ትምህርት ከመምጣቱ በፊት ልጆች ፊደል የሚቆጥሩት በየኔታ ደጅ፣ ቁርአን የሚቀሩትም በመድረሳ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ልጁ ከፊደል ተነሥቶ ንባብ ይለምዳል፣ ዳዊት ይደግማል፣ ከዚያም ወደ ዜማ፣ ወደ ቅኔና ወደ ትርጓሜ ያልፋል። ከፍ ያለውን ትምህርት የሚሻ ከወላጆቹ ርቆ ወደ ታወቀ መምህር ይሄድ ነበር። ታዲያ ምን እየበላ ይማራል? ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ በየደጁ «ስለ ማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል። ቁራሹን የምትሰጠው የመንደሩ እናት ናት። ለመምህሩ ድርጎ የሚሰጥበት ቦታ ቢኖርም፣ የተማሪው እንጀራ በብዙ ስፍራ ከእናቶች ሞሰብ የወጣ ነው።

ይህን የምናነሣው ለትዝታ ብቻ አይደለም። የተራበ ልጅ መማር እንደማይችል እናቶች ያወቁት ዛሬ አለመሆኑን ያሳየናል። አንድ ሌላ ነገርም ያሳየናል፤ ከደጅ ወደ ደጅ የሚዞሩት ወንዶች ልጆች ነበሩ። ሴት ልጅ ቁራሹን ትጋግራለች እንጂ፣ ከጥቂቶች በቀር ፊደሉን አትቆጥርም ነበር።

ከቤተ መንግሥት ደጅ እስከ ገጠር

ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጨረሻ ወላጆች ዕድሜያቸው ለትምህርት የደረሰ ወንዶችም ሴቶችም ልጆቻቸውን እንዲያስተምሩ አሳሰቡ። በስማቸው የተጠራው ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሥራውን ጀመረ፤ መማሪያው ግን በተግባር የወንዶች ነበር። የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተከፈተ። ለልጃገረዶች የተቋቋመው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው። ቃሉ ሴቶችን ከጠራበት ጊዜ በሩ እስከተከፈተላቸው ድረስ ከ20 ዓመት በላይ አለፈ ማለት ነው።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ትምህርቱ ተቋረጠ፤ ከተማሩት ወጣቶችም ብዙዎች ተገደሉ። ከነፃነት በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የትምህርት ሚኒስቴሩን ሥራ ለረጅም ዓመታት በራሳቸው እጅ ይዘው ቆዩ። በ1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ። በሂሳብ ዓይን ስናየው ይህ ግብር የሚያሳዝን ገጽ አለው። ግብሩን የሚከፍለው ባላገሩ ሲሆን፣ ትምህርት ቤቱ ግን በአብዛኛው የሚሠራው በከተማ ነበር። ከፋዩ ሌላ፣ ተጠቃሚው ሌላ ሆነ።

በግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አገሮች በዩኔስኮ አስተባባሪነት አዲስ አበባ ተሰብስበው፣ በ20 ዓመት ውስጥ ለአፍሪካ ልጆች ሁሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በነፃና በግዴታ እንዲዳረስ ዕቅድ አወጡ። ጉባኤው የተካሄደባት የእኛ አገር ግን በተማሪ ቁጥር ከኋለኞቹ መካከል ነበረች። አብዮቱ በ1966 ዓ.ም. ሲፈነዳ በመላ አገሪቱ በአንደኛ ደረጃ የሚማሩት ልጆች 1 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነበሩ።

እናቶች ራሳቸው ተማሪ የሆኑበት ጊዜ

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ። ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ ዘመቻውም የዩኔስኮን ሽልማት አስገኘ። ከማኅበራችን ታላላቅ እህቶች መካከል ስማቸውን መጻፍ የተማሩት ያኔ የሆኑ አሉ። ሕፃን አዝለው፣ ማታ በኩራዝ ብርሃን ፊደል የቆጠሩ ናቸው። «ቀሪ» ላለመባል ወጡን ቀድመው ሠርተው ይወጡ እንደነበር ዛሬም ይነግሩናል።

በዚያው ዘመን ትምህርት ቤቶች ወደ ገጠር ገቡ፤ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችም ቁጥር በ1970ዎቹ ከ2 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። ቦታው ስላልበቃ በፈረቃ መማር ተለመደ፣ በአንድ ክፍልም ብዙ ልጅ ታጨቀ። ነገር ግን ጦርነቱና ድህነቱ ሲበረታ ቁጥሩ እንደገና አሽቆለቆለ። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲወጣ ለትምህርት ከደረሱ 100 ልጆች 30ዎቹ እንኳ ትምህርት ቤት አልነበሩም።

ፖሊሲው ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩና እስከ 10ኛ ክፍል ያለ ክፍያ እንዲማሩ አደረገ። ውጤቱ ታላቅ ነው። በዚያን ጊዜ ወደ 3 ሚሊዮን የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቁጥር በ2000 ዓ.ም. ከ14 ሚሊዮን በላይ ሆነ። «የተማረ ይግደለኝ» ሲል የኖረ ሕዝብ በሩ ሲከፈትለት ልጁን ይዞ መጣ።

ጥቅልና የተጣራ

ሂሳብ ያዥ ግን ድምር አይታ አትረካም። በትምህርት ስታቲስቲክስ «ጥቅል ተሳትፎ» የሚባለው ዕድሜው ያለፈውንም ያልደረሰውንም ተማሪ ሁሉ ደምሮ ለዕድሜው ከደረሱት ልጆች ቁጥር ጋር የሚያነጻጽር ነው። ስለዚህ ከ100 በመቶ ሊበልጥ ይችላል። «ንጥር ተሳትፎ» በትክክለኛው ዕድሜ ላይ ያሉትን ብቻ ይቆጥራል። ሁለቱም ግን የተመዘገበውን እንጂ ዛሬ ጠዋት ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን አይነግሩንም። የአገራችን የትምህርት አኃዞች ለዓመታት እንዳሳዩት ብዙ ልጆች የሚያቋርጡት ገና በ1ኛ ክፍል ነው። የሚያቋርጥ ልጅ ደግሞ በአንድ ቀን አያቋርጥም። መጀመሪያ ሰኞን ይቀራል፣ ቀጥሎ የገበያ ቀንን፣ ቀጥሎ ከበዓል በኋላ ያለውን ሳምንት። ትምህርቱ ያመልጠዋል፣ ሲጠየቅ ያፍራል፣ ከዚያ ይጠፋል።

በቅርብ ዓመታት ያየነውም ይህንኑ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው እስከሚቀጥለው ዓመት ሲቆዩ፣ ሥራ የለመዱና የተዳሩ ልጆች ነበሩ። በጦርነቱና በግጭቱ አካባቢዎች ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። በሌላ በኩል በዚያው በ2012 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የቁርስና የምሳ ምገባ ሲጀምር፣ ምግቡን የሚያበስሉት የተደራጁ እናቶች ሆኑ። የቆሎ ተማሪውን ቁራሽ የሰጠች እናት አሁን በትምህርት ቤቱ ግቢ ድስት ጥዳ ተገኘች። ልዩነቱ ዛሬ ሴት ልጇም አብራ ተሰልፋ መብላቷ ነው።

መዝገቡን ስናየው

በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋግረን የምንረዳቸውን ልጆች የስም መጥሪያ ከክፍል ኃላፊ መምህራን ጋር ተመለከትን። ቀሪ የሚበዛው በዘፈቀደ አልነበረም። አንዲት ልጅ የምትቀረው ሰኞ ሰኞ ነው። እናቷን ስንጠይቅ «ልጄ፣ ሰኞ ሰው ቤት ልብስ አጥባለሁ፤ ትንሹን ማን ይያዝልኝ?» አሉን። እኚህን እናት ስለ ትምህርት ጥቅም ብንመክራቸው ምን ይረባል? ከእኛ በላይ ያውቁታል። የቸገራቸው ሕፃኑን የሚይዝ ሰው ነው። አሁን ሰኞ ሰኞ ሕፃኑን የሚይዙላቸው ሁለት አባሎቻችን ናቸው።

ከፍ ያሉት ልጃገረዶች ደግሞ በየወሩ ሁለትና ሦስት ቀን ይቀራሉ። ምክንያቱን መምህሩ አልጠየቀም፣ ልጆቹም አልነገሩትም። ለእኛ ለሴቶች ግን መጠየቅ አያስፈልገንም ነበር። ደብተር ስንገዛ በኖርንበት ገንዘብ የንጽሕና መጠበቂያ ያልገዛነው ለምንድን ነው? መልስ የለንም። ከዚህ በኋላ ግን ገዝተን ለሴት መምህርት እናስረክባለን።

ስለዚህ የሪፖርታችንን ዓምድ ለውጠናል። ከአሁን ጀምሮ ሦስት ዓምድ ይኖረዋል፦ የተመዘገቡ፣ የተገኙ፣ ቀሪ። በቀሪው ዓምድ ትይዩ ምክንያቱ ይጻፋል፤ የልጁና የቤተሰቡ ስም ግን አይወጣም። ውድ ደጋፊዎቻችን፣ የተገኙት ቁጥር ከቀድሞው ሪፖርታችን አንሶ ብታዩት አትደንግጡ። ያነሰው እውነቱን ስለጻፍን ነው።

እህቶቻችን፣ ከእናንተ የምንለምነው ብዙ አይደለም። ልጃችሁ በሚቀርበት ቀን ምክንያቱን ለመምህሩ ላኩ። ከፋሲካና ከገና በኋላ ወደ አገር ቤት የሄዱ ልጆች ትምህርት ከመጀመሩ በፊት እንዲመለሱ አድርጉ። ለሴት ልጅ የሚታዘዘው ሥራ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ይሁን፤ ለወንዱም ይታዘዝ። የጎረቤት ልጅ በትምህርት ሰዓት ሰፈር ውስጥ ካያችሁ «ዛሬ ለምን ቀረህ፣ ዛሬ ለምን ቀረሽ» በሉ። በቁጣ አይሁን፤ ልጁ ሰው እንደሚያስበው ይወቅ።

በሪፖርታችን ተማሪ ሆና የቆየችው ልጅ በመስከረም እንደገና 4ኛ ክፍል ተመዝግባለች። አንድ ዓመት አጥታለች፤ ያንን ዓመት የትኛውም ሂሳብ አይመልስላትም። እናቷ ዘመዷ ቤት ሄደው ያመጧት ከሁለት አባሎቻችን ጋር ነው። ይህን እስከጻፍንበት ሳምንት ድረስ በስም መጥሪያው ላይ በስሟ ትይዩ የቀሪ ምልክት የለም። እኛም በየሳምንቱ ዓርብ መዝገቡን እናያለን።

መልካም የትምህርት ዘመን ይሁንልን።

ከማኅበሩ የሂሳብ ክፍል