ውሃው የጠራው ለማን ነው? ከግራና ምንጭ እስከ ጋምቤላ ኩሬ

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይባላል። ምሳሌው ያልመለሰው አንድ ጥያቄ ግን አለ። ጥሩው ውሃ ለማን ነው? ለሰው ብቻ ወይስ ሰው ለሚያረባው እንስሳም ጭምር?

ጥያቄው ተራ ይመስላል። ነገር ግን ኢትዮጵያ ባለፉት 130 ዓመታት ከሁለት በሽታዎች ጋር ያደረገችው ትግል መልሱን በውድ ዋጋ አስተምሯታል። ትምህርቱ ዛሬም ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ አልዋለም።

◾️ የምንጩ ዐይን ለሰው

በሰሜን ወሎ ሀብሩ ወረዳ በግራና አካባቢም ሆነ በሌላው የወሎ ገጠር፣ ውሃ የወረደ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ያልተጻፈ ሕግ አለ። የምንጩ ዐይን ለሰው ነው። ከዚያ ዝቅ ብሎ ከብት ይጠጣል። ከከብቱ በታች ደግሞ ልብስ ይታጠባል። መስኖ ባለበት ቦታ የውሃ አባት ተራ ያስከብራል፣ ጠብ ሲነሳም ሽማግሌ ይገባል።

ይህ ሕግ ብልህ ሕግ ነው። ጀርም የሚባል ነገር ከመታወቁ በፊት ሰው በልምዱ ያወጣው የጤና ደንብ ነው። ነገር ግን አንድ ጉድለት አለበት። ለከብቱ የደረሰው ሁልጊዜ የተረፈው ውሃ ነው።

እረኛ ይህን ጉድለት ከማንም በላይ ያውቀዋል። በበጋ ውሃው ሲያንስና ሲቆም አልቅት ይበዛል። ከብት አፉን ሲነክር አልቅቱ በአፍንጫው ይገባል፣ ወይም ጉሮሮው ላይ ይጣበቃል። እረኛው የላሟ አፍንጫ ደም ሲያንጠባጥብ ካየ ነገሩ ይገባዋል፤ የትምባሆ ቅጠል በውሃ አሽቶ ያፈስባታል። በብዙ የኢትዮጵያ ገጠሮች የታወቀ መድኃኒት ነው። ያው አልቅት ጎንበስ ብሎ ከምንጭ የጠጣን ልጅም አይምርም። ውሃው ለከብት ካልጠራ ለእረኛውም አልጠራም፤ ሁለቱ የሚጠጡት ከአንድ ቦታ ነውና።

◾️ ደስታ የተባለው በሽታ

የመጀመሪያው ትልቅ ትምህርት የመጣው በ1880 ዓ.ም. ገደማ ነው። ጣሊያኖች ወደ ምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር ደስታ የተባለው የከብት በሽታ አብሮ ገባ። ስሙ ደስታ ይሁን እንጂ ያመጣው መከራ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚገምቱት ከአገሪቱ ከብት 90 በመቶ ያህሉ አለቀ። ድርቅ፣ አንበጣና ረሃብ ተከተሉ። ሕዝቡ ያንን ዘመን «ክፉ ቀን» ብሎ ሰይሞታል። በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ አልቻለም፤ ከብቱን የገደለው በሽታ ሰውን ሳይነካ ሰውን ጨረሰ።

ደስታ የሚተላለፈው የታመመና ጤነኛ እንስሳ ሲቀራረቡ፣ እንዲሁም ከታመመው በሚወጣ ፈሳሽና እበት በተበከለ መኖና ውሃ ነው። ድርቅ ደግሞ መንጋን ሁሉ በቀሩት ጥቂት ውሃዎች ዙሪያ ይሰበስባል። የውሃው ዳር ሕይወት ፍለጋ የሚኬድበት ቦታ ሆኖ ሳለ በሽታ የሚለዋወጡበትም ሆነ።

ይህ በሽታ ዛሬ በዓለም ላይ የለም። በ2011 እ.ኤ.አ. መጥፋቱ በይፋ ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። የኢትዮጵያ ምዕራፍ የተዘጋው ደግሞ የሀብሩ ምሥራቃዊ ጎረቤት በሆነው በአፋር ነው። ለዓመታት ክትባት ይዘው የሄዱ ቡድኖች አልተሳካላቸውም ነበር፤ ክትባቱ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፣ አርብቶ አደሩ ደግሞ ከውሃ ወደ ውሃ ይንቀሳቀሳል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ተገኘና ከራሳቸው ከአፋሮች መካከል የሠለጠኑ ከታቢዎች መንጋው ወዳለበት ሄዱ። ከ1995 እ.ኤ.አ. በኋላ በኢትዮጵያ የደስታ ወረርሽኝ አልታየም።

ያ ዘመቻ የተሳካው እንስሳው ካለበት ስለተጀመረ ነው። ከብቱ እስኪመጣ አልጠበቀም፤ ከብቱ ወደሚውልበት ሄደ።

◾️ ከሰው የጠፋው ትል በውሻ ተመለሰ

ሁለተኛው ትምህርት ከግራና ሩቅ፣ በምዕራብ ጫፍ በጋምቤላ ነው። እዚህ የተሠራው ከአፋሩ በተቃራኒ ነው፤ ሰው ተቆጠረ፣ እንስሳው ተረሳ።

የጊኒ ዎርም በሽታ የሚመጣው ከመጠጥ ውሃ ነው። በቆመ ኩሬ ውስጥ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ጥቃቅን ነፍሳት የትሉን እጭ ይሸከማሉ። ሰው ውሃውን ሳያጣራ ሲጠጣ አብሮ ይውጠዋል። ከዓመት ገደማ በኋላ እስከ አንድ ሜትር የሚደርስ ትል ብዙውን ጊዜ በእግር ቆዳ በኩል ቀስ እያለ ይወጣል። ሥቃዩ እንደ እሳት ነው። ሕመምተኛው እንዲቀዘቅዝለት እግሩን ውሃ ውስጥ ሲነክር ትሉ እጩን መልሶ ኩሬው ውስጥ ይረጫል። ክትባት የለውም፤ ትሉን የሚገድል መድኃኒትም የለም። ያለው መከላከያ ውሃው ብቻ ነው፦ ማጣራት፣ ኩሬውን በተመጠነ ኬሚካል ማከም፣ ትል የወጣበትን ሰው ከውሃ ማራቅ፣ ንጹህ ጉድጓድ መቆፈር።

በ1986 እ.ኤ.አ. በአፍሪካና በእስያ በ21 አገሮች 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዓመት ይያዙ እንደነበር ይገመታል። የአሜሪካው የቀድሞ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ያቋቋሙት ማዕከል ዘመቻውን መራ። ኢትዮጵያም በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ብሔራዊ ፕሮግራም አቋቁማ ቁጥሩን ከሺዎች ወደ ጣት ቆጠራ አወረደችው። ድሉ በእጅ የገባ መሰለ።

ያኔ ያልታሰበው መጣ። በ2012 እ.ኤ.አ. በቻድ ከውሾች እግር ትል ሲወጣ ታየ። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጋምቤላ በውሾችና በዝንጀሮዎች ላይ መታየት ጀመረ። የዘረመል ምርመራ ትሉ ያው ሰውን የሚይዘው ትል መሆኑን አረጋገጠ። በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ሁሉ የተያዙት ሰዎች 54 ብቻ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት በቻድ ብቻ የተያዙት ውሾች ግን ወደ 2,000 ይጠጉ ነበር።

ሰው ማጣሪያ ጨርቅ ተሰጥቶታል። ውሻው ግን ከድሮው ኩሬ መጠጣቱን አላቆመም፤ የሚያጣራለትም አልነበረም። ትል የወጣበት ውሻ ኩሬ ውስጥ ሲገባ የሚከለክለው የለም።

ዋጋውን የከፈለው መልሶ ሰው ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በጋምቤላ አቦቦ ወረዳ ከኦሮሚያ ለሥራ የመጡ የእርሻ ሠራተኞች ያልተጣራ የኩሬ ውሃ ጠጥተው 15ቱ ተያዙ። ቀጥለው በመጡት ሁለት ዓመታት በኢትዮጵያ አንድም ሰው አልተመዘገበም። በ2020 እ.ኤ.አ. ግን 11 ሰዎች ተገኙ። ካርተር ትሉ ከእሳቸው ቀድሞ ሲጠፋ ማየት እንደሚመኙ ደጋግመው ተናግረው ነበር። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ሲያርፉ ግን ትሉ ገና ነበር።

ዛሬ በጋምቤላ መንደሮች ውሾች ይታሰራሉ፣ ውሃና ምግብ ባሉበት ይቀርብላቸዋል። ሃያ ዓመት የዘገየ ጥያቄ አሁን ተጠየቀ፦ ውሻው የሚጠጣው ከየት ነው?

◾️ 25 ሊትር ለሰው፣ ለላሚቱስ?

ወደ ግራና እንመለስ። የቆቦ-ግራና ሸለቆ ከመሬት በታች ብዙ ውሃ አለው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ክልሉ የሸለቆውን ልማት ፕሮግራም ካቋቋመ ወዲህ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል፣ ከከርሰ ምድር በተሳበ ውሃ መስኖ ተስፋፍቷል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ስሙ ለታወቀው ወሎ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የእጅ ፓምፕና ቦኖም በየቀበሌው ገብቷል፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ግን በሰሜን ወሎ ከውሃ ተቋማት ብዙዎቹ ተጎድተዋል።

አሁን መለኪያውን እንይ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የገጠር ንጹህ ውሃ ሽፋን የሚቆጠረው እንዲህ ነበር፦ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ። መለኪያው ካለፈው የ15 ሊትር መለኪያ የተሻለ ነው፤ ጥሩ እርምጃ ነበር። ነገር ግን የሚቆጥረው ሰው ብቻ ነው። አንዲት ላም በቆላ ሙቀት ያንኑ 25 ሊትር ወይም ከዚያ በላይ በቀን ትጠጣለች። ሁለት በሬ፣ አንድ ላም፣ አህያና ጥቂት ፍየል ያለው ቤተሰብ እንስሶቹ የሚጠጡት ውሃ ከራሱ ድርሻ ጋር ሊስተካከል ይችላል። ይህ ውሃ በመለኪያው ውስጥ የለም።

በመለኪያ ያልተገባ ነገር በግንባታም አይገባም። ብዙ ቦኖና የእጅ ፓምፕ በአጥር ይከለላል፤ ከብት እንዳይገባ። አጥሩ በራሱ ትክክል ነው። ለከብቱ ሌላ ቦታ ካልተዘጋጀ ግን ሁለት ነገር ይሆናል። ወይ አጥሩ በስተመጨረሻ ይፈርሳል፣ ከብቱ ከቦኖው ሥር ከሚጠራቀመው ጭቃ ይጠጣል፣ እበቱም እዚያው ይወድቃል። ወይ ልጆች መንጋውን ወደ ድሮው ወንዝና ኩሬ ይነዳሉ፤ ሲጠማቸው እነሱም ከዚያው ይጠጣሉ። በወረቀት ላይ ቤተሰቡ ንጹህ ውሃ አግኝቷል። እረኛው ልጅ ግን ቀኑን ሙሉ የሚጠጣው የከብቱን ውሃ ነው።

«ገንዘብ የለም፣ መጀመሪያ ሰው ይጠጣ» የሚል መልስ ይሰማል። መልሱ ከባድ ሚዛን አለው፤ ውሃ በሌለበት ሰው እንደሚቀድም የሚክድ የለም። ግን የቀደሙት ሁለት ታሪኮች የሚያሳዩት ሰውና ከብት ለአንድ ውሃ የሚሻሙ ተቀናቃኞች ብቻ አለመሆናቸውን ነው። የከብቱን ውሃ መተው የሰውን ውሃ አላዳነም። ከብቱ ሲያልቅ ሰው ተራበ፤ ውሻው ሲረሳ ትሉ ተመለሰ።

◾️ ገንዳው

የሚያስፈልገው ተአምር አይደለም። ከቦኖው ራቅ ብሎ፣ በቁልቁለቱ በታች በኩል የሚሠራ የሲሚንቶ ገንዳ ነው። ከቦኖው የሚፈሰው ትርፍ ውሃ በቦይ ይደርሰዋል፤ ዙሪያው በድንጋይ ይነጠፋል፣ ጭቃ እንዳይሆን። ገንዳው ባዶ የሚደረግበትና የሚታጠብበት ቀን ይኖረዋል፤ የቆመ ውሃ የአልቅትም የነፍሳትም ቤት ነውና። የውሃ ኮሚቴው ከጄሪካን በተጨማሪ ከብትንም ይቆጥራል። ይህን በየቦታው የሠሩ መንደሮች አሉ። ደንቡ ግን ከልዩ ነገርነት ወጥቶ የግንባታው አካል ሊሆን ይገባል።

በቤት ደረጃም ነገሩ ያው ነው። ለውሻም ሆነ ለዶሮ የሚቀርበው ውሃ ዕቃ የታጠበበት እጣቢ መሆን የለበትም። ቤተሰቡ አጣርቶ ወይም አፍልቶ የሚጠጣበት አካባቢ ከሆነ ውሻውም ከዚያው ይድረሰው። ዕቃው በየቀኑ ይታጠብ፣ ውሃው ይለወጥ። ይህን ለማድረግ እንስሳ አፍቃሪ መሆን አያስፈልግም፤ ልጆቹን የሚወድ ሰው ሊያደርገው ይችላል።

የወሎ ገበሬ «የምንጩ ዐይን ለሰው» ሲል የዘመኑን ጥበብ ተናግሯል። የዚህ ዘመን ሥራ ከዐይኑ በታች ያለውንም ማጥራት ነው። የሚቀጥለው ጉድጓድ ግራና ውስጥ ሲመረቅ ሪባን ከመቆረጡ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ ገንዳው የት ነው?