የነዳጅ ተጨማሪ በአሮጌ ስፖርት መኪናዎች

የነዳጅ ተጨማሪ በትንሽ መጠን ከቤንዚን ወይም ከናፍጣ ጋር ተቀላቅሎ የነዳጁን ጠባይ የሚለውጥ ኬሚካል ነው። አንዳንዱ በማጣሪያ ፋብሪካ ወይም በነዳጅ ዴፖ ይጨመራል፤ ሌላው በጠርሙስ ተሽጦ ባለመኪናው ራሱ ወደ ነዳጅ ቋት ይጨምረዋል። ይህ ጽሑፍ ሁለተኛውን ዓይነት ይመለከታል፤ በተለይም እርሳስ ባለበት ቤንዚን እንዲሠሩ ተደርገው በተነደፉ የቆዩ ስፖርት መኪናዎች ላይ ያለውን ጥቅምና ጉዳት። ተጨማሪው ማስፈለጉ በመኪናው ዕድሜ ብቻ አይወሰንም። ሞተሩ ከምን ብረት እንደተሠራና ምን ችግር እንዳለበት ማወቅ ያስፈልጋል።

የእርሳስ ቤንዚን መምጣትና መቅረት

እ.ኤ.አ. በ1921 በጄኔራል ሞተርስ ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ቶማስ ሚጅሊ ቴትራኤቲል ሌድ የተባለ የእርሳስ ውህድ የሞተርን ማንኳኳት እንደሚከላከል ደረሰበት። ማንኳኳት የሚባለው ከካንዴላው የተነሳው እሳት ከመድረሱ በፊት ቀሪው የቤንዚንና የአየር ድብልቅ በሙቀትና በግፊት ብዛት በራሱ ሲነድ የሚፈጠረው ድምፅ ነው፤ ከበረታ ፒስተን ይጎዳል። ውህዱ ከ1923 ጀምሮ ለገበያ ቀረበ።

እርሳስ ሌላም ጥቅም ነበረው። ሲቃጠል የሚተወው ስስ ሽፋን የቫልቭ መቀመጫዎችን ከመበላት ይጠብቅ ነበር። ሆኖም መርዛማ በመሆኑ፣ በተለይም የሕፃናትን አእምሮ ስለሚጎዳና የጭስ ማጣሪያ ካታሊስትን ስለሚያበላሽ ቀስ በቀስ ታገደ። አሜሪካ በመንገድ ለሚሄዱ መኪናዎች በ1996 ሙሉ በሙሉ ከለከለችው፤ በብሪታንያ ከ2000 መግቢያ ጀምሮ ከአጠቃላይ ሽያጭ ወጣ፤ ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እስከ 2006 መጀመሪያ አቆሙት። የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ በ2021 ሽያጩን አቋርጣለች።

የቫልቭ መቀመጫ መከላከያ

ቴስታታቸው ከተራ የብረት ቅልጥ በተሠራ ብዙ የቆዩ ሞተሮች የቫልቭ መቀመጫው በራሱ በቴስታታው ላይ የተቀረጸ ነው። እርሳስ በሌለበት ቤንዚን ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ለረጅም ጊዜ ሲሠራ የጋለው የጭስ ማውጫ ቫልቭ ከመቀመጫው ላይ ጥቃቅን የብረት ቅንጣቶችን እያነሳ ይቦረቡረዋል። ቫልቩ ወደ ውስጥ እየሰመጠ ሲሄድ የቫልቭ ክፍተቱ ይጠፋል፤ ቫልቩ በደንብ መዘጋት ያቅተዋል፤ በመጨረሻም ኮምፕሬሽን ይወርዳል፣ ቫልቩም ይቃጠላል።

ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ከ1962 እስከ 1980 የተመረተው የብሪታንያው ኤም ጂ ቢ ነው። 1,798 ሲሲ የሆነው ሞተሩ የብረት ቅልጥ ቴስታታ አለው። ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና በፖታሲየም፣ በሶዲየም፣ በፎስፈረስ ወይም በማንጋኒዝ ላይ የተመሠረቱ ተጨማሪዎች የእርሳሱን የመከላከል ሥራ ሊተኩ ይችላሉ። የተለያዩ ዓይነቶችን ማደባለቅ ግን አይመከርም። ዘላቂው መፍትሔ ቴስታታው ለጥገና በወረደ ጊዜ ጠንካራ የብረት መቀመጫ ማስገባት ነው፤ ከዚያ በኋላ ይህ ተጨማሪ አያስፈልግም።

እንደ ፖርሽ 911 ያሉ የአሉሚኒየም ቴስታታ ያላቸው መኪናዎች ከመጀመሪያውም የተለየ መቀመጫ የገባላቸው ስለሆኑ በአብዛኛው ይህ ስጋት የለባቸውም። በዝግታ የሚነዳና በዓመት ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሄድ መኪናም ጉዳቱ ሳይታይበት ብዙ ዓመት ሊቆይ ይችላል። በየጊዜው የቫልቭ ክፍተትን መለካት ሁኔታውን ያሳያል፤ ክፍተቱ ከተለመደው ፈጥኖ የሚጠብ ከሆነ መቀመጫው እየተበላ ነው።

ኦክቴን ከፍ ማድረጊያ

ኦክቴን ቤንዚን ማንኳኳትን የመቋቋም አቅሙ መለኪያ እንጂ የጉልበት መጠን አይደለም። ስለዚህ የማያንኳኳ ሞተር ኦክቴን ስለተጨመረለት ብቻ አይፈጥንም። ከፍተኛ ኮምፕሬሽን ያለውና በአካባቢው በሚገኘው ቤንዚን የሚያንኳኳ ሞተር ግን ሊጠቀም ይችላል።

በጠርሙሶች ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ያሳስታል። በዚህ ገበያ አንድ «ነጥብ» ብዙውን ጊዜ የአንድ ኦክቴን አንድ አሥረኛ ነው፤ «5 ነጥብ ይጨምራል» ማለት 95 የነበረው 95.5 ይሆናል ማለት ነው። ማንጋኒዝ ወይም ብረት ያለባቸው ዓይነቶች በካንዴላ ላይ ዝቃጭ ይተዋሉ፤ ካታሊስት ላለው መኪናም አይስማሙም። ከፍ ያለ ኦክቴን ያለውን ቤንዚን ከማደያ መቅዳት ወይም የማቀጣጠያ ጊዜውን ማስተካከል ብዙ ጊዜ ይቀላል።

ማጽጃዎች

ፖሊኤተር አሚን ያለባቸው ማጽጃዎች በነዳጅ መርጫ አፍና በቫልቭ ላይ የተጋገረውን ካርቦን የማስለቀቅ አቅም አላቸው። በአሜሪካ ከ1995 ጀምሮ ቤንዚን ራሱ ማጽጃ እንዲጨመርበት በሕግ ስለሚጠየቅ ዘወትር ለሚነዳ መኪና ትርፋቸው ትንሽ ነው። ለረጅም ጊዜ ቆሞ ለነበረ መኪና ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን በአሮጌ ቋት ውስጥ ያለው ዝቃጭ ተነስቶ የነዳጅ ማጣሪያውን ሊደፍን ስለሚችል አብሮ መቀየር ይገባል። ያረጀ ፒስተን ቀለበት ወይም የተቃጠለ ቫልቭ በማጽጃ አይድንም።

ኤታኖልና የቆመ ነዳጅ

ብዙ አገሮች ኤታኖል ከቤንዚን ጋር ይቀላቅላሉ። በኢትዮጵያ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኤታኖል እ.ኤ.አ. በ2008 በ5 በመቶ መጠን ይቀላቀል ጀመር፤ ብሪታንያ በ2021 ወደ 10 በመቶ ከፍ አደረገች። ኤታኖል ውኃ ይስባል፤ የድሮ የጎማ ቱቦዎችን ያለሰልሳል፣ ይሰነጥቃልም። ዝገት ተከላካይ ተጨማሪ ብረቱን ይጠብቃል፤ ጎማውን ግን አያድንም። የሚፈስ ቱቦ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ኤታኖልን በሚቋቋም መቀየር ግዴታ ነው። ነዳጅ ማቆያ የሚሠራው በትኩስ ቤንዚን ላይ ሲጨመር ነው፤ የተበላሸን ቤንዚን ወደ ቀድሞው አይመልስም።

ነዳጅ ይቆጥባሉ የሚባሉ ምርቶች

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከ100 በላይ ምርቶችን ገምግሞ ፍጆታን በጉልህ የሚቀንስ አላገኘም። ለአሮጌ ስፖርት መኪና ወጪው የሚያዋጣው የታወቀ ችግር ኖሮ ለዚያ ችግር የተሠራ ተጨማሪ ሲገዛ ነው።