የመቅደላ ሰንሰለትና የወህኒ ቤት ጢስ

በወሎ፣ ከቦረናዋ ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከበሽሎ ሸለቆ በላይ የቆመችው መቅደላ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ መኳንንቱንም የባዕድ አገር ሰዎችንም በእግረ ሙቅ ያኖሩባት የወህኒ አምባ ነበረች፤ ከእነርሱም መካከል የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን፣ መልእክተኛው ራሳምና ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ አርነት የወጡት በወርኃ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ ጦር ከአምባው ሥር በደረሰ ጊዜ ነው።

በቀድሞው የአገራችን ሥርዓት ግን በብረት የሚታሰረው ጥፋተኛው ብቻ አልነበረም። የእስረኛው ቀኝ እጅ ከጠባቂው ግራ እጅ ጋር በአንድ ሰንሰለት ይቆራኝ ስለ ነበር፣ ሁለቱ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ፤ አንዱ የተነፈሰውን ሌላው ይስበዋል፤ የታሳሪው ደዌም ለጠባቂው ይተርፋል።

ይህን የጋራ አየር የሚበክለውን ትምባሆ በሚመለከት፣ ቤተ ክርስቲያን ጋያውንም ሱረቱንም ስታወግዝ ኖራለች፤ በ1870 ዓ.ም. በዚሁ በወሎ፣ በቦሩ ሜዳ፣ ጉባኤ ሃይማኖት ያደረጉት ዐፄ ዮሐንስም የሚያጨሰውን ከንፈር፣ ሱረት የሚስበውን አፍንጫ እስከ ማስቆረጥ በደረሰ ቅጣት እንደ ከለከሉ ይተረካል። ያ ክልከላ ስለ ነፍስ ድኅነት የታወጀ ነበርና፣ ሳያጨስ የሌላውን ጢስ ስለሚስብ ሰው የተናገረው የለም።

ይህን ጉድለት የሞላው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው፤ ጣሪያና ግድግዳ ባለው የሥራ ቦታ ሁሉ ማጨስን ከልክሏልና። ወህኒ ቤት ለታራሚው ማደሪያ ቢሆንም፣ ቁልፍ ይዞ ከክፍል ወደ ክፍል ለሚመላለሰው ጠባቂ የሥራ ቦታው ነው። የሌላ ሰው ትምባሆ ጢስ የማያጨሰውን ሰው ለልብ ሕመምና ለሳንባ ካንሰር የሚያጋልጥ መሆኑን ሐኪሞች አረጋግጠዋል፤ ትምባሆ በትንፋሽ የሚተላለፈውን የሳንባ በሽታ (ቲቢን) የሚያባብስ ስለ ሆነም፣ ሰው በተፋፈገበት ክፍል ጉዳቱ ድርብ ነው። በስኮትላንድ በኅዳር 2011 ዓ.ም. በወህኒ ቤቶች ማጨስ ሲከለከል፣ በአየሩ ውስጥ የነበረው የጢስ ደቃቅ ብናኝ በመጀመሪያው ሳምንት ከአምስት እጅ አራቱን እጅ ያህል መቀነሱ ተለክቶ ታውቋል።

ስለዚህ በመካነ ሰላምም ሆነ በደሴ፣ በአዲስ አበባም ቢሆን ሕጉ በወህኒ ቤት ቅጥር ውስጥ በእውነት ይፈጸም ዘንድ ይገባል፤ ለሱሰኛው ታራሚም ቅጣት ከመጨመር ይልቅ ሕክምናና ምክር ሊሰጠው፣ ጠባቂውም ሳንባውን በየጊዜው ሊመረመር ይገባዋል። ሰንሰለቱ ከጠባቂው እጅ ከወለቀ ዘመን አልፏል፤ አየሩ ግን ዛሬም የሁለቱ ነውና፣ የአንዱን ጤና ከሌላው ለይቶ መጠበቅ አይቻልም።