የ2010 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ሊቀመንበር ምርጫ

የ2010 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ሊቀመንበር ምርጫ የኢትዮጵያ ሕዝቦች አብዮታዊ ዴሞክራሲያዊ ግንባር (ኢሕአዴግ) ምክር ቤት መጋቢት 18 ቀን 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 2018) ያካሄደው የውስጥ ምርጫ ነው። በምርጫው ዐቢይ አሕመድ አሸንፈው ከስድስት ቀን በኋላ የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል። ውጤቱን ከወሰኑት ነገሮች አንዱ የብሔረ አማራ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ (ብአዴን) ሊቀመንበር ደመቀ መኮንን ራሳቸውን ከዕጩነት ማግለላቸው ነበር። ብአዴን የተወለደው በሰቆጣ ዙሪያ ባሉት የዋግ ተራሮች በመሆኑ የምርጫው ታሪክ ከዋግ ኽምራ ጋር የተያያዘ ነው።

የብአዴን መነሻ በዋግ

በ1960ዎቹ የኢትዮጵያ የግራ ድርጅቶች ሁሉም ራሳቸውን «ተራማጅ» ይሉ ነበር። በተለይ ኢሕአፓ እና መኢሶን የተጣሉት በዋናነት ለደርግ ድጋፍ መስጠት ይገባል ወይስ አይገባም በሚል ክርክር ሲሆን፣ ክርክሩ ወደ መገዳደል አድጎ ሁለቱንም አዳክሟል። በ1970 ዓ.ም. የኢሕአፓ ሠራዊት በትግራይ፣ አሲምባ ከሚገኘው ሰፈሩ በሕወሓት ተገፍቶ ወጣ። ከድርጅቱ የተለዩ ታጋዮች ኅዳር 11 ቀን 1973 ዓ.ም. በዋግ የኢትዮጵያ ሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄን (ኢሕዴን) መሠረቱ። ከመሪዎቹ መካከል ታምራት ላይኔ፣ በረከት ስምዖን፣ አዲሱ ለገሰ እና ተፈራ ዋልዋ ይገኙበታል።

ኢሕዴን በ1981 ዓ.ም. ከሕወሓት ጋር ኢሕአዴግን መሠረተ። በ1986 ዓ.ም. ደግሞ ስሙን ወደ ብአዴን ቀይሮ የአማራ ሕዝብ ድርጅት ሆነ። ከትጥቅ ትግሉ ዘመን ጀምሮ ከሕወሓት ጋር የነበረው ቅርበት ለድርጅቱ ጥንካሬም ድክመትም ሆኖ ቆይቷል። ተቺዎቹ «የሕወሓት ጥገኛ ነው፤ አማራን አይወክልም» ይሉት ነበር። ይህ ጥያቄ በ2008 ዓ.ም. ክረምት በጎንደርና በባሕር ዳር በተደረጉት የተቃውሞ ሰልፎች ጎልቶ ወጥቷል።

የምርጫው ምክንያትና ሥርዓት

ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. የሥራ መልቀቂያ ማቅረባቸውን አስታወቁ። በ2007ቱ አገር አቀፍ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በሙሉ ስለያዙ፣ የግንባሩ ሊቀመንበር የሚሆነው ሰው ጠቅላይ ሚኒስትር እንደሚሆን የታወቀ ነበር።

ምርጫው የሕዝብ ድምፅ የሚሰጥበት አልነበረም። የኢሕአዴግ ምክር ቤት 180 አባላት ነበሩት። ሕወሓት፣ ብአዴን፣ ኦሕዴድ እና ደኢሕዴን እያንዳንዳቸው 45 መቀመጫ ነበራቸው፤ የሚወክሉት ሕዝብ ብዛት ግን እጅግ ይለያያል። አንድ የሰቆጣ ነዋሪ በ2007 ዓ.ም. ለፓርላማ ተወካይ ድምፅ ሰጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን በመምረጡ ሂደት ግን ቀጥተኛ ድርሻ አልነበረውም።

ዕጩዎች

* ዐቢይ አሕመድ (ኦሕዴድ)፦ የለውጥ ወገን ተብሎ የሚጠራው ቡድን ዕጩ ነበሩ። የቡድኑ ታዋቂ መሪ የኦሮሚያ ፕሬዚዳንት ለማ መገርሳ ቢሆኑም የፌዴራሉ ፓርላማ አባል አልነበሩም። ሕገ መንግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከምክር ቤቱ አባላት መካከል እንዲመረጥ ስለሚያዝ፣ ለማ የድርጅቱን ሊቀመንበርነት የካቲት 15 ቀን ለዐቢይ ለቀቁ።
* ደመቀ መኮንን (ብአዴን)፦ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ሲያገለግሉ ስለቆዩ ቦታውን ይወርሳሉ ተብለው ከሚጠበቁት አንዱ ነበሩ።
* ሽፈራው ሽጉጤ (ደኢሕዴን)፦ የቀድሞ የደቡብ ክልል ፕሬዚዳንት እና የትምህርት ሚኒስትር።
* ደብረጽዮን ገብረሚካኤል (ሕወሓት)፦ ከኅዳር 2010 ዓ.ም. ጀምሮ የሕወሓት ሊቀመንበር።

ኦሕዴድና ብአዴን ሁለቱም ራሳቸውን የለውጥ ደጋፊ አድርገው ያቀረቡ ቢሆንም፣ ሁለቱም በነበረው ሥርዓት ውስጥ ለዓመታት የቆዩ ድርጅቶች ስለሆኑ በሕዝብ ዘንድ ለመታመን ከቃል ያለፈ ማሳያ ያስፈልጋቸው ነበር። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ የኦሮሞ ወጣቶች በጣና ሐይቅ ላይ የተንሰራፋውን እምቦጭ ለመንቀል ወደ ባሕር ዳር ተጓዙ። ብዙም ሳይቆይ ለማ መገርሳ የመሩት ትልቅ ልዑክ ወደ ከተማዋ ሄደ። ይህ መቀራረብ በምክር ቤቱ ውስጥ ለተፈጠረው ትብብር መንገድ ጠርጓል።

ውጤት

ደመቀ መኮንን ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ራሳቸውን አገለሉ። የድምፁ ውጤት የሚከተለው ነበር፦

* ዐቢይ አሕመድ፦ 108
* ሽፈራው ሽጉጤ፦ 59
* ደብረጽዮን ገብረሚካኤል፦ 2

ድምፁ የተሰጠው በምስጢር ስለሆነ ማን ለማን እንደመረጠ አይታወቅም። ሆኖም ቁጥሮቹ አንዳንድ ነገር ያሳያሉ። የኦሕዴድና የብአዴን አባላት በሙሉ ለዐቢይ ድምፅ ሰጥተው ቢሆን እንኳ ድምሩ 90 ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ 18 ድምፅ ከሌሎቹ ሁለት ድርጅቶች መጥቷል። ሽፈራውም ከድርጅታቸው 45 አባላት ውጭ ቢያንስ 14 ድምፅ አግኝተዋል። ደመቀ በውድድሩ ቢቀጥሉ ኖሮ የለውጡ ወገን ድምፅ ለሁለት ሊከፈል ይችል ነበር።

በአንድ ወገን ያሉ ዕጩዎች ድምፅ መከፋፈል በሌሎች አገሮችም የሚታይ ችግር ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ ተራማጆቹ በርኒ ሳንደርስ እና ኤልዛቤት ዋረን ጎን ለጎን ተወዳድረዋል። በዚያው ጊዜ ለዘብተኛ ዕጩዎች እየወጡ ለጆ ባይደን ድጋፍ ሰጡ፤ ባይደንም አሸነፉ። ልዩነቱ፣ በአሜሪካ ድምፅ የሚሰጡት በየክፍለ ግዛቱ ያሉ መራጮች መሆናቸው ነው።

ከምርጫው በኋላ

ዐቢይ መጋቢት 24 ቀን ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ ደመቀም በምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርነታቸው ቀጠሉ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በሐዋሳ በተደረገው 11ኛው የኢሕአዴግ ጉባኤ ዐቢይ ከ177 ድምፅ 176ቱን አግኝተው በድጋሚ ሊቀመንበር ሆነው ተመረጡ። ብአዴን በዚያው ወር ስሙን ወደ አዴፓ (የአማራ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ) የቀየረ ሲሆን በ2012 ዓ.ም. ወደ ብልጽግና ፓርቲ ገብቶ ከሰመ። ሕወሓት ውሕደቱን አልተቀበለም።

በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በአንድ ምክር ቤት የተወዳደሩት ዐቢይና ደብረጽዮን በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በተጀመረው የሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት በተቃራኒ ወገን ተሰለፉ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ዋግ ኽምራ ተስፋፍቶ ሰቆጣ በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ዋለች። ብዙ የዞኑ ነዋሪዎች ተፈናቅለዋል። ብአዴን ከሕወሓት ጋር ተባብሮ ደርግን የተዋጋበት ምድር ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ የቀድሞ አጋሮቹ የሚዋጉበት ግንባር ሆነ።